የኤውላሊያ ጉልበትና አሥራ ሁለቱ ኪሎ

ዶኛ ኤውላሊያን በስሟ የሚጠራት ቄሱ ብቻ ነው። ለቀረነው «ወፍራሟ» ናት። በፍቅር ነው፤ እኔንም «ገጣጤ» ይሉኛል፣ ችዬ እኖራለሁ። እኛ ኮረብታ ላይ ቅጽል ስም የሌለው ሰው ገና ያልተወለደ ነው። እሷም በዚህ ስም ተቀይማ አታውቅም ነበር፣ የአጥንት ሐኪሙ ዘንድ እስክትሄድ ድረስ።

ጉልበቷ አልቋል። አጥንት ከአጥንት ይፋጫል። ከወንበር ስትነሳ እኔ ቤት ይሰማኛል ብል አላጋነንኩም፤ ግድግዳችን አንድ ነው። ታች ከተማው ያለው ሆስፒታል ሰው ሠራሽ ጉልበት ይገጥማል፤ ግን ያ ፂሙ ገና ያልጠና ሐኪም ምን ቢላት ጥሩ ነው?

«እናቴ፣ ጉልበትዎን የበላው ክብደትዎ ነው። እስከ መስከረም አሥራ ሁለት ኪሎ ይቀንሱ። ካልሆነ ተራዎ ለሌላ ይሰጣል።»

«በምን ልቀንስ?»

«በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግርዎ ይሂዱ፤ አትክልት ይብሉ፤ ለስላሳ ይተዉ።»

በእግርዎ ይሂዱ! እግር ያጣች ሴት እግር ፍለጋ ብትሄድ፣ እግር ይዘሽ ነይ ተባለች።

ክብደቷ በላው? ከትውልድ ቀዬዋ ከኦአሃካ ተራሮች ወደዚህ ስትመጣ ሸንበቆ ነበረች፤ የሠርጓን ፎቶ ያየ ያውቃል። ያኔ ኮረብታው ላይ መንገድ የለም። ውሃውን በባልዲ፣ ብሎኬቱን በጀርባዋ ከታች እያወጣች ነው ቤቷን የሠራችው። ባሏ ግድግዳውን እስከ ግማሽ አቁሞ የሌላ ሴት ቤት ሊጨርስ ሄደ። የቀረውንም እሷ ተሸከመች። ጉልበቷ ያኔውኑ መጮህ ጀምሯል። ስለዚህ ቁጭ ብላ የምትሠራው ሥራ ፈለገች፤ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ኬሳዲያ፣ አይብ የታጠፈበት የበቆሎ ቂጣ፣ በዘይት እየጠበሰች መሸጥ። ያልተሸጠው ራቷ ነው፤ ምግብ መጣል ኃጢአት ነዋ። ውፍረቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ለሐኪሙ ልታስረዳው ስትጀምር «የሚቀጥለው ይግባ» አለ።

አትክልት ይብሉ ያለው ደግሞ የሚሸጠው ከኮረብታው ሥር ነው። እኛ ጋ ያለው አንድ ሱቅ ብስኩትና ለስላሳ ነው የሚሸጠው። የቧንቧችንን ውሃ የጠጣ ሰው ለሆዱ ሌላ ሐኪም ያስፈልገዋል። የውሃ ቦቴው በፈለገው ሰዓት ይመጣል፤ ቤቱ ያልተገኘ ሰው በርሜሉ ባዶውን ይቀራል። እንግዲህ ተራመዱ።

እሷ ግን ተነሳች። አመሻሽ ላይ፣ ምርኩዟን ይዛ፣ ዘንቢሏን አንጠልጥላ መንገድ ጀመረች። መቶ እርምጃ ሳትሄድ ሲሪሎ በባጃጁ ደረሰባት። የሲሪሎን የበኩር ልጅ ክርስትና ያነሳችው እሷ ናት። እኛ ጋ አበልጁን በእግሯ ስትሄድ አይቶ ያለፈ ሰው ስሙ የሚነሳው ከሌባ ቀጥሎ ነው።

«አበልጄ፣ ይግቡ።»

«ልራመድ ብዬ ነው፤ ሐኪም አዞኝ።»

«ሐኪሙ እዚህ ሰፈር አይኖርም፤ የምኖረው እኔ ነኝ። ሲሪሎ አበልጁን አቧራ እያስቃመ አለፈ ሲሉኝ ምን ልበል?»

«አላየኋትም በል።»

ከላይ እስከ ታች አያት። «እርስዎን? ማን ያምነኛል?»

ገባች። በማግስቱም ገባች። ከዚያ እንዳያገኛት በጓሮ በኩል ስትሾልክ ውሻ አባረራት።

በመጨረሻ ተስማሙ። ዘንቢሏ ባጃጁ ውስጥ ይቀመጣል፣ እሷ ከፊት ትራመዳለች፣ ሲሪሎ በእርምጃዋ ልክ ከኋላ ይነዳል። ሐኪሙም ታዘዘ፣ ስሙም ዳነ። ያልዳነው ተሳፋሪው ነው።

«ቀብር ነው እንዴ የምንሸኘው?» አለ አንዱ።

«ዝም በል፤ አበልጄ ናት።»

እያነከሰች፣ ማታ ማታ ጉልበቷን በሰናፍጭ እያሸች፣ ቀሚሷ ሰፋት። በቃ፣ ሌላ መከራ መጣ። እኛ ሰፈር የከሳ ሰው እንኳን ደስ አለህ አይባልም፤ ምን ነካህ ነው የሚባለው። ሱቁ ደጃፍ ላይ ችሎት ተቀመጠ። አንዷ «ስኳር ነው» አለች፤ ሌላዋ «ጉበቷ ነው፣ እኅቴንም እንዲሁ አድርጓት ነው የሞተችው» አለች። ከዚያ ድስቱ ይጎርፍ ጀመር። የዶሮ ሾርባ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ የተቀቀለ የበቆሎ ሊጥ ታማል፣ በወተትና በስኳር የተቀቀለ ሩዝ። በቅዱስ ኢሲድሮ ዝክር ቀንማ አሮጊቷ ዶኛ ቶማሳ በሁለት እጇ ሳህን ተሸክማ መጣች።

«ሐኪም ከልክሎኛል» አለች ኤውላሊያ።

«የከለከለሽ የእኔን እጅ ነው ወይስ የቅዱሱን ዝክር?»

በላች። እኔ አጠገቧ ሆኜ ግማሹን ባላግዛት ሁሉንም ትበላው ነበር። እኔ ደግሞ ብበላም አልወፍርም፤ በዚህም ታኮርፈኛለች።

መስከረም ደረሰና አብሬያት ሄድኩ። ጫማዋን አወለቀች። ጉትቻዋን፣ ሹራቧን፣ የአንገቷን መስቀል ሳይቀር ለእኔ ሰጠችና ሚዛኑ ላይ ወጣች። ስምንት ኪሎ ቀንሳለች።

«አራት ይቀርዎታል እናቴ» አለ ሐኪሙ። «ለሚቀጥለው ዓመት እንይዝልዎታለን። ይውረዱ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።»

«አልወርድም።»

«ምን አሉ?»

«ከዚህ ከወረድኩ ወደ ቤቴ መውጣት ነው። ዘንድሮ ወጥቼ ከገባሁ ሁለተኛ ከኮረብታው አልወርድም። ከዚያ ማን ይሸጥልኛል?»

ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ወረፋው ማጉረምረም ጀመረ። አንዷ «እኛም እኮ ታመን ነው የመጣነው» አለች። ከኋላዋ ያለች ወፍራም ሴት ግን «እኔንም አሥር ኪሎ ብሎኛል፤ ንቅንቅ እንዳትዪ» አለቻት። ግማሹ ይውረዱ፣ ግማሹ ይቁሙ ሲል ኮሪደሩ ገበያ መሰለ። በጩኸቱ የክፍሉ ኃላፊ ወጣች። ጠጉሯ የሸበተ፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ናት። የኤውላሊያን የጉልበት ራጅ ወደ መብራቱ አንስታ አየች።

«በዚህ ጉልበት ተራመጂ ያላት ማነው?»

ሐኪሙ ጫማውን ያይ ጀመር።

«ስንት ቀንሳለች?»

«ስምንት።»

«በየትኛው እግሯ?» አለችው። ደም ግፊቷን ራሷ ለካች፣ የደም ምርመራዋን አየችና «ለጥቅምት ጻፏት» ብላ ገባች። ተራ መያዝ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ይህን ሁሉ ወር ምን ስናደርግ ነበር?

ለቀኝ እግሯ ጉልበቱ ተገጠመ። ኤውላሊያ አልጋ ላይ ሳለች ድስቱ ስለጎረፈ ከስምንቱ ኪሎ ሦስቱ ተመልሶ መጣ። ግን አሁን ራሷ ወርዳ ቲማቲምና ዱባ ገዝታ ትወጣለች፤ የእኔንም ታመጣልኛለች። እንቅልፍ ትተኛለች። ግፊቷም ወርዷል አሉ።

ለክትትል የሄድን ዕለት ያው ሐኪም ኮሪደሩ ላይ ያለ ምርኩዝ ስትሄድ አያትና ፊቱ በራ። «አዩ እናቴ? ፍላጎት ካለ ሁሉም ይቻላል።»

አፌን ከፈትኩ። የምለው ተዘጋጅቷል፤ እናቱንም አልተውኩለትም ነበር። ኤውላሊያ በክርኗ ጎሰመችኝና «እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር» አለችው፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ። ሲያልፍ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ዝም በይ አንቺ ገጣጤ። የግራው ጉልበት ይቀረኛል።»