ምንም እንዳላደርግ ታዝዤ ያደረግሁት

ቅዳሜ ቀትር ላይ ከምኖርባት ከማኪኒ ከተማ ወደ ፎርትወርዝ ተነሳሁ። ዓላማዬ በሰባ አራት ዓመቴ የጀመርኩትን የተዋናይነት ሥራ በስክሪን ማየት ነው። ሥራው መቀመጥ ነበር። እሱንም ሳላበላሸው አልቀርም።

ባለፈው ዓመት ቪከሪ ሜዶ የሚባል ሰፈር ስኖር፣ ቪልማ የምትባል የሃንጋሪ ፊልም ዳይሬክተር ወደ አፓርትመንታችን የልብስ ማጠቢያ ክፍል መጣች። ፊልሞቿ ታሪክም ንግግርም የላቸውም። አንድ ወንበር ይዛ በየአገሩ ትዞራለች፤ ሰው ታስቀምጥበትና አሥር ደቂቃ ትቀርጻለች። «ምንም አያድርጉ» አለችኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሙያዬ ይኸው ስለሆነ በደስታ ተቀመጥኩ። ግን ሰው ልብሱን ሊያጥብ በገባ ቁጥር ብድግ! ሰው ሲገባ ተጎልቶ መቅረት አላደግኩበትማ። ስምንት ጊዜ ሳልነሳ አልቀረሁም። ቪልማ አመስግና ሸኘችኝ። እኔም ለቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ «ተዋናይ ሆኛለሁ» ብዬ አወራሁ፤ መነሳቴን ግን ዋጥ አደረግኳት።

ስምንት ሰዓት፣ ቤድፎርድ

የምትነዳው ልጄ ሰናይት ናት። በአውራ ጎዳና ቁጥር አንድ መቶ ሃያ አንድ፣ አውሮፕላኖች በአናታችን ዝቅ እያሉ ሲያልፉ፣ ቤድፎርድ ደረስንና ጓደኛዬን ደምሴን ጫንን። ደምሴ በሁለት ወር ስለሚበልጠኝ ተነስቶልኝ አያውቅም። ዛሬ ያየውን ደግሞ እሑድ ምእመኑ በሙሉ ይሰማዋል።

«ከረባቱን ከወንበሩ ጋር ነው የሰጡህ?» አለኝ ያሰርኩትን አይቶ፣ ገና በሩን ሳይዘጋ።

«ቅናት ነው የሚያናግርህ።»

«ከፊልሙ ቆርጠው ጥለውህ ከሆነስ?»

«ጋሽ ደምሴ፣ ፕሊስ!» አለች ሰናይት። «ስትሬስ አያድርጉት፤ ማለቴ፣ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም እኮ።»

ነዳጅ ማደያ ስንቆም የሰባት ዶላር ሳንድዊች ገዛሁና ትልቁን ግማሽ ለደምሴ ሰጠሁት፤ አፉን እንዲይዝልኝ።

አሥር ሰዓት፣ ፎርትወርዝ

አዳራሹ የድሮ መጋዘን ነው። መብራት ጠፋ። አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ ቀጥሎ አንዲት ነርስ፣ እንደ ሐውልት ተቀምጠው ታዩ። ደምሴ ማንጎላጀት ጀመረ። ከዚያ እኔ መጣሁ። ከኋላዬ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ይሽከረከራል። በር ተከፈተ፤ ተነሳሁ። ተቀመጥኩ። ተከፈተ፤ ተነሳሁ። ሰው ሳቀ። አንገቴ ከረባቱ ውስጥ ገባ።

«አንተ ሰው፣ ቁጭ በል እንጂ!» አለ ደምሴ ነቅቶ፣ ለስክሪኑ።

በዚህ መሃል የአዳራሹ እውነተኛ በር ተከፈተና አንዲት ያረፈደች አሮጊት ገባች። ልክ ያን ጊዜ የስክሪኑ እኔ ብድግ አልኩ። ይኼኛውም እኔ፣ ሳላስበው፣ ብድግ! ሴትዮዋ ግራ ተጋብታ አንዴ ወደ ስክሪኑ፣ አንዴ ወደ እኔ አየች፤ ከዚያ ለሁለታችንም እጅ ነሳች። ሳቁ ቆመ።

ፊልሙ ሲያልቅ ቪልማ ወደ ፊት ጠራችኝ። ለሰዉ የምትለውን ሰናይት አብራኝ ወጥታ በጆሮዬ አስተረጎመችልኝ፦ «ብዙ ሰው አስቀምጫለሁ፤ ሁሉም ካሜራውን ነው ያዩት። የገባውን ሰው ያዩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ለዚህ ነው መጨረሻ ላይ ያደረግኳቸው።»

ጭብጨባው ከከረባቱ በላይ አስረዘመኝ። ወደ ቦታዬ ስመለስ ደምሴ የፊቱን ወንበር ተደግፎ፣ ጉልበቱ እየተንቋቋ፣ ተነሳ።

«ኖር!»

«በእግዜር፤ ኧረ ተቀመጥ!»

«ለፊልሙ ነው የተነሳሁት፤ ለአንተ እንዳይመስልህ!»

ማኪኒ

ደምሴን ቤቱ አድርሰን ጀንበር ሳትጠልቅ ቤት ገባን። አንድ ዓመት ሙሉ እንደ ጥፋት የደበቅኩት እናት አባቴ ያስያዙኝ ጥሩ ነገር መሆኑን ለማወቅ የሃንጋሪ ሰው አስፈለገኝ፤ ይህን ያህል ነው ብልህነቴ።

«አባዬ፣ በቃ አረፍ በል» አለች ሰናይት። ተቀመጥኩ። ቀኑን ሙሉ ስትነዳኝ፣ ስታስተረጉምልኝ የዋለችው ልጄ ሻይ ይዛ ስትመለስ ግን ብድግ አልኩ። አባት ለልጁ አይነሳም፤ እኔም ተነስቼላት አላውቅም። ትሪውን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

«ኖር» አልኳት።