ያልተናበበ ግልባጭ፦ ከወገዳ ንፋስ መውጫ ደርሶ መልስ

ዓርብ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ከሲማዳ ወረዳ ከተማ ከወገዳ የተነሣሁት አንድ ዲስክ በነጠላዬ ጠቅልዬ ነው። በጤና ጣቢያ የመረጃ ሠራተኛ ነኝ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች መዝገብ ያለበት ኮምፒውተር አርጅቶ፣ ሥራ መሀል እየጠፋ ያስቸግረናል። የወረቀቱን መዝገብ ክረምት ላይ የጣራ ፍሳሽ አበላሽቶታል። ማን መቼ መድኃኒት እንደጀመረ፣ ማን እንዳቋረጠ የሚናገር ሌላ ነገር የለንም። ንፋስ መውጫ አዲስ ላፕቶፕ ስለተፈቀደልን፣ መዝገቡን እዚያው ጭኜበት ልመለስ ነው።

መዝገቡ የሚሠራው በኮምፒውተሩ ውስጥ በተፈጠረ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል። የዚያ የውስጠኛው ኮምፒውተር ዲስክ ከውጭ ሲታይ አንድ ትልቅ ፋይል ነው። አሮጌው ኮምፒውተር ሊኑክስ፣ አዲሱ ዊንዶውስ ስለሆነ የፋይሉን ዓይነት መለወጥ ያስፈልጋል። ሐሙስ በነጠላ በጠቀለልኩት ዲስክ ላይ ቀዳሁት። አሮጌው ኮምፒውተር መጋዘን ሊገባ ነው፤ የሕሙማን ስም ያለበት ደግሞ ውስጡ ሳይደመሰስ አይገባምና፣ አጠፋፉን ለባልደረባዬ ለሲስተር የሺ አሳይቼ፣ "ነገ ከሰዓት አጥፊው" ብያት መጣሁ።

አርብ ገበያ

መንገዱ አቧራ ነው። እህል የጫኑ አህዮች ጠርዙን ይዘው ወደ ገበያ ይጎርፋሉ፤ ሚኒባሳችን ጥሩንባ እየነፋ በመካከላቸው አለፈ። አርብ ገበያ ከተማ ስንደርስ ጥቂት ሰዎች ወርደው አንድ ሽማግሌ መርጌታ አጠገቤ ተቀመጡ። የቤተ ልሔም ደብር የድጓ መምህር ናቸው፤ ንፋስ መውጫ የሚሄዱት መነጽር ፍለጋ ነው።

"ምንድን ነው ልጄ፣ እንደ ጨቅላ የታቀፍሽው?"

"የሕሙማን መዝገብ ነው፣ መርጌታ። ከአሮጌ ኮምፒውተር የተቀዳ።"

"ከዋናው ጋር አናበባችሁት?"

"አላናበብንም። ቀድቼ ብቻ ነው የመጣሁት።"

"እኛ መጽሐፍ ስንጽፍ አንዱ ዋናውን ያነባል፣ አንዱ ግልባጩን ይከታተላል። ስንት መስመር ተዘሎ እንደሚገኝ ብታይ! ዋናው የት አለ?"

"ዛሬ ከሰዓት ይጠፋል።"

መርጌታ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። "ምነው ልጄ! ያልተናበበ ግልባጭ እኮ ገና መጽሐፍ አይደለም።"

ኔትወርክ ሳይጠፋ ደወልኩ። "የሺ፣ እኔ ሳልነግርሽ እንዳትነኪው።"

"ፈራሽ እንዴ?"

"አዎ፣ ፈራሁ።"

ንፋስ መውጫ

ከተማው እንደ ስሙ ነው፤ ንፋሱ ነጠላዬን ሊወስደው ነበር። ላፕቶፑን ፈርሜ ተቀበልኩና በባጃጅ ወደ ሰዓዳ ሱቅ ሄድኩ። ሰዓዳ ኮምፒውተር ትጠግናለች። ለጁምዓ ሶላት ዘግታ ስለነበር በረንዳዋ ላይ ጠበቅኳት። እሷ ከሶላት ተመለሰች፣ እኔ ጾም ላይ ነበርኩ፤ ፋይሉ ዓይነቱን እስኪለውጥ ዘጠኝ ሰዓት ሞላና ሽሮ አስመጣችልኝ።

ማሽኑ ሳያንገራግር ተነሣ። ደስ አለኝ። ሰዓዳ መዝገቡን ወደ ታች አወረደችና ቆመች።

"እታለም፣ መጋቢት ላይ ነን አይደል? ይኼ ጥር ላይ ያበቃል። ሲማዳ ውስጥ የካቲት የለም እንዴ?"

አልሳቅኩም። የካቲት ውስጥ መድኃኒት የጀመሩት ሰዎች ፊታቸው መጣብኝ። አንዲት ነፍሰ ጡር አለችባቸው።

ጥፋቱ የኔ ነው። ጥር ላይ ፕሮግራሙን ሳድስ፣ ቢበላሽ ወደ ኋላ ለመመለስ ብዬ የማሽኑን ሁኔታ መዝግቤ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተጻፈው ሁሉ የሚከማቸው በትልቁ ፋይል ሳይሆን አጠገቡ በሚፈጠር ሌላ ፋይል ነው። እኔ ትልቁን ብቻ አንሥቼ መጣሁ።

"ዋናው አለ?" አለች ሰዓዳ።

"መርጌታ አስቆሙኝ። አለ።"

"አልሐምዱሊላህ። በይ ስሚኝ፤ ፎልደሩን እንዳለ ቅጂ፣ አንድም እንዳትተዪ። ሁለቱን ፋይሎች ወደ አንድ የምታዋህጂው ደግሞ ግልባጩ ላይ ነው፤ ዋናውን እንዳትነኪው።" ማዋሃጃውንና የፋይል ዓይነት መለወጫውን ላፕቶፑ ላይ ጭና አሳየችኝ።

ቅዳሜ፣ ወገዳ

ወገዳ ስገባ ወደ ቤት ሳላልፍ ጤና ጣቢያ ገባሁ። የሺ ተረኛ ነበረች። አሮጌው ኮምፒውተር በቅጂው መሀል ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። በሦስተኛው ጨረሰ።

ከዚያ አናበብን። እያንዳንዱ ፋይል እንደ ጣት አሻራ የሚለይበት ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት አለው፤ ፋይሉ ውስጥ ጥቂት እንኳ ቢጎድል ሰንሰለቱ ይለወጣል። ኮምፒውተሩ ራሱ ሊያስተያየው ይችል ነበር፤ እኔ ግን በጆሮዬ መስማት ፈለግኩ። የሺ ከአሮጌው ታነባለች፣ እኔ ከአዲሱ ላይ "አለ" እላለሁ።

"ይኼማ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሰዓታት ሆነ እኮ!"

"እንግዲያ ቆመሽ አንብቢ።"

እየሳቀች ተነሣች። ሁሉም ልክ ሆነ። አዋህጄ፣ ዓይነቱን ለውጬ ስከፍተው የካቲት አለ፤ መጋቢትም አለ። ነፍሰ ጡሯ አለች። የመጨረሻው መስመር ሐሙስ ዕለት የሺ ራሷ መድኃኒት የሰጠቻቸው አባት ናቸው።

"ማክሰኞ ነው ቀጠሯቸው" አለች።

"ማክሰኞ ነው ይላል።"

እናጥፋው አለችኝ። ላፕቶፑን ዘግቼ እንደገና ከፈትኩት፤ ማክሰኞ አሁንም አለ። ያን ጊዜ አጥፊው አልኳት።

ቤት ስደርስ ልጆቼ ምን ይዤ እንደመጣሁ ጠየቁኝ። የንፋስ መውጫ ዳቦ ሰጠኋቸው። ነጠላዬን ስዘረጋው የዲስኩ ቅርጽ እንደታተመበት ነው። እግዚአብሔር አንድ ሽማግሌ አጠገቤ አስቀምጦ ጠየቀኝ፤ ከእንግዲህ ሳላናብብ የምለቀው ዋና የለም። ተመስገን።