አጥር የሆነው እንጨቴ

ባለፈው ቅዳሜ ኮኪት ገበያ አንዲት ወጣት ከሰል ስትሸጥ አየሁና ቆም አልኩ። «የደሳለኝ ከሰል ነው አባባ፤ ጭስ የለውም» አለችኝ። ደሳለኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። እሷ ምን ታውቃለች! ከሰሉን ገዛሁ፤ የጥንቱ ቅናቴ ግን አብሮኝ ወደ ቤት ገባ።

በወጣትነቴ የአባቴን ትራክተር እነዳ ነበር። ከጫካው የግራርና የክርክራ ዛፍ ቆርጬ ተሳቢ ሙሉ እንጨት ለእናቴ አመጣለሁ። ጎረቤት እንዲያይልኝ ሆን ብዬ ደጃፉ ላይ ነበር የምከምረው። «እጅህ ይባረክ» ትለኛለች። ከዚያች ምርቃት ሌላ የምፈልገው አልነበረም። ክረምት ሲገባ እንጨቱ ይርስና፣ ዓይኗ ደም እስኪመስል ጭስ ላይ ተደፍታ እፍ ስትል ትውላለች። እኔ ግን የሚታየኝ ክምሩ ብቻ ነበር።

አንድ ኅዳር፣ እንዲደርቅ ሂላ የምንለውን ክምር ሠርተን ያቆምነው የሰሊጥ ነዶ ደርቆ ሸራ ላይ ተራገፈ። እንደ ልማዳችን አገዳው ላይ እሳት ልንለቅ ስንል ደሳለኝ «ተዉልኝ» አለ። በርሜል ውስጥ አፍኖ አከሰለው፤ ከዚያ ፈጨና በጥቂት ጭቃ ለውሶ እንደ ኩበት ጠፈጠፈው።

«ምንድን ነው እሱ፣ የጭቃ ቂጣ?» ብዬ ሳቅሁበት።

ሲደርቅ እናቴ አቀጣጥላ ባሚያዋን ጣደችበት። ጭስ የለም። ድስቱ ሲንተከተክ አየችና፣ «ዓይኔን አሳረፍክልኝ ልጄ! እጅህ ይባረክ» አለችው።

የኔን ምርቃት! ቀናሁ። በማግስቱ ጫካ ወርጄ ተሳቢው እስኪያቃስት ጭኜ መጣሁ። እናቴ ክምሩን አየት አድርጋ «ጎሽ፣ ለአጥር ይሆነኛል» አለች። ለአጥር! ቀጥላም፣ «በል እንግዲህ፣ ጎረቤቶቹ ሳያቃጥሉት አገዳውን ለወንድምህ ጫንለት» አለችኝ። በዚያው ተሳቢ የሱ ጫኝ ሆኜ ቀረሁ።

ዛሬ ደሳለኝ የመንደሩን ወጣቶች ይዞ ይሠራል። በየማሳው በከንቱ ይነድ የነበረው አገዳ እንጀራ ሆኗቸዋል፤ የተረፈው ጫካም ከነዕጣን ዛፉ ቆሟል። ጥሩ ሥራ ነው። የሚያናድደኝም ጥሩ መሆኑ ነው፤ መጥፎ ቢሆን ኖሮ ቅናቴ ሰበብ ያገኝ ነበር።

ከሰሉን ለእናቴ ወሰድኩላት። አርጅታለች፤ በእጇ ዳበሰችውና «ደሳለኝ ነው የላከው?» አለች።

«እኔ ነኝ ገዝቼ ያመጣሁልሽ!» አልኩ፤ ሳላስበው ጮህኩ።

ሳቀች። «እጅህ ይባረክ ልጄ።» ጎንበስ አልኩ። አሜን ልል አፌን ስከፍት፣ «የደሳለኝም እንዲሁ» ብላ ጨመረችበት።

አሜን አልኩ። ትንሽ ቆየት ብዬ ግን ነው።