አንድ ድምፅ ለመምህሩ

ይሉኝታ ሰው ይገድላል ሲሉ እሰማ ነበር፤ ቤት እንደሚያፈርስ ያየሁት ግን በራሳችን ሰፈር ነው።

የእናቴ ቤት ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ፣ ከወንዙ ዳር የመጨረሻው ቤት ነው። ወንዝ ስል ውሃ ያለበት እንዳይመስላችሁ። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ፍየል ይተኛበታል። ጣጣው የሚመጣው ላይ፣ ደንገጎ ተራራ ሲዘንብ ነው። እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐዩ አናት እየበሳ፣ ጎርፉ ድንገት ከተፍ ይላል። ከምርጫው በፊት በነበረው ክረምት የእናቴን የጓሮ አጥር ይዞት ሄደ። ስለዚህ በሽቦና በድንጋይ የሚሠራው የጎርፍ መከላከያ ከላይ ጀምሮ ወደኛ ሲወርድ፣ እናቴ በየማለዳው እየወጣች ስንት ቤት እንደቀረው ታያለች። ምርጫው ሲደርስ የቀረው አራት ቤት ነበር።

በዚሁ መሀል መምህሩ በግሌ እወዳደራለሁ ብሎ ተነሳ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አናውቅም፣ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የምንለው፤ መምህሩን ግን የምናከብረው ከልባችን ነው። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው፣ ግማሹን ሰፈር ሒሳብ አስተምሮ ጡረታ የወጣ። ሙስሊም ይሙት ክርስቲያን፣ ድንኳን ሲተከል ገመዱን የሚይዘው እሱ ነው። የአባቴን ቃሬዛ ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። የምርጫ ምልክቱን ጃንጥላ አደረገና፣ «አቦ መምህር፣ ድሬ ላይ ዝናብ የት አይተህ ነው?» እያልን ስንቀልድበት አብሮን ይስቅ ነበር። በአንዲት ድምፅ ማጉያ፣ ባማርኛና በኦሮምኛ፣ እኛን በሚያስቅ ሶማሊኛ ጭምር፣ በእግሩ ሲዞር ከረመ። ያሸንፋል ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ከተማው ሥልጣን ላይ ያሉትን እንደሚመርጥ የታወቀ ነው። እኛም እነሱኑ ልንመርጥ ነበር፤ መከላከያውን የሚሠሩት እነሱ ናቸዋ።

እንደምታውቁት ቆጠራው ሲያልቅ ውጤቱ በየምርጫ ጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል። እናቴን እንቅልፍ የነሳት ይሄ ነው። ዜሮ ተብሎ ስሙ በር ላይ ቢለጠፍስ፣ በየት በኩል ቀና ብሎ ሊሄድ ነው፣ የአባትሽን ቃሬዛ የተሸከመ ሰው አይደለም ወይ እያለች ስትነዘንዘኝ ሰነበተች። አንድ ድምፅ ምንም አይለውጥም ብዬ እኔም አዘንኩለት። መጋረጃው ጀርባ ገብቼ ጃንጥላው ላይ ምልክት አደረግኩና፣ ሰደቃ እንደሰጠ ሰው ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። እናቴም እንዲሁ።

በማግስቱ ጠዋት ወረቀቱን ለማየት ሄድን። በእኛ ጣቢያ ጃንጥላው አንደኛ ወጥቷል፤ ለዚያውም በእጥፍ። በከተማው በሙሉ ያሸነፉት እነዚያው ሆነው፣ የእኛ ሰፈር ብቻ ተገንጥላ ወጣች።

ባለሱቁ ጎረቤታችን ወረቀቱን ሁለቴ አነበበና ላብ በላብ ሆነ። «ወላሂ እኔ እንዳያፍር ብዬ አንዷን ነው የሰጠሁት» አለ። አጠገቡ የነበረችው ሴትም ያንኑ አለች። ከኋላዋ ያለውም። ለካ ሁላችንም አንዳንድ ሰጥተነዋል! እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ፣ እንባዬ እስኪወርድ። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ ዞራ መከላከያው የቆመበትን አቅጣጫ ትመለከት ነበር።

ሰኞ ሠራተኞቹ አልመጡም። ማክሰኞ መኪና መጥቶ የተረፈውን ሽቦ ጭኖ ሄደ።

ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራዬ ፈቃድ ወስጄ መከላከያውን የሚያሠራው ቢሮ ሄድኩ። ያነጋገረኝ ሰውዬ ትሑት ነው፣ ወንበር ሰጠኝ፣ በጀት አልቆ ነው አለኝ። ስለ ምርጫ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ልወጣ ስል ግን ፈገግ ብሎ የጃንጥላዎቹ ሰፈር ልጅ ነሽ አይደል ብሎ ጠየቀኝ። በዚያ ምክንያት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አለማወቁ ነው አንጀቴን የሚያሳርረኝ። ምን ልመልስለት? አዝነንለት እንጂ አምነንበት አይደለም ልበል? ማን ያምነኛል? ወሬው መምህሩ ጆሮ ቢደርስስ?

መምህሩማ በየቤቱ እየዞረ ያመሰግነን ነበር። የተለጠፈውን ወረቀት በስልኩ ፎቶ አንስቶ፣ አሳጥቦ፣ በፍሬም ሳሎኑ ሰቅሎታል። ስለ መከላከያው አቤቱታ የሚጽፈው እሱ፣ ቢሮ የሚመላለሰው እሱ። በገባበት ሁሉ ራሱን የሚያስተዋውቀው የነዚህ ሰዎች ምርጫ እኔ ነኝ እያለ ነው። እናቴ በየሰላቱ ያንን ሰው ቤቱ አስቀምጥልን እያለች ዱዓ ታደርግ ጀመር።

ነሐሴ ላይ፣ ከቀትር በኋላ፣ ሥራ ላይ እያለሁ ባለሱቁ ደወለልኝ። ባጃጅ ይዤ ስደርስ እናቴ ሱቁ በር ላይ ተቀምጣለች፣ ተመስገን ደህና ናት። ማድ ቤቱ ግን የለም። የመኝታ ክፍሏ ግድግዳ ግማሹ ተንዶ፣ ከውጭ የግድግዳ ሰዓቷ ይታያል። ጭቃው ውስጥ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ፍራሿን የሚያወጣው መምህሩ ነው። ከሁሉም ቀድሞ የደረሰው እሱ ነበር።

ፍራሹን አስቀምጦ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

«እኔን ባትመርጡ ኖሮ መከላከያው እዚህ ይደርስ ነበር» አለ። «ለምን መረጣችሁኝ?»

ባለሱቁ ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔ አፌን ከፈትኩ። እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ልናገረው ብቻ ሳይሆን እንዲያመውም ፈልጌ ነበር። እናቴ ቀደመችኝ።

«አምነንብህ ነዋ» አለችው።

መምህሩ ፊቱን በእጁ ጀርባ ጠረገ፤ ጭቃውን ይሁን እንባውን አላየሁም። ተነሳ። እንግዲያው በሚቀጥለውም እወዳደራለሁ፣ አልተዋችሁም ብሎ ቁምሳጥኑን ሊያወጣ ተመልሶ ገባ።

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ጨምቃ ጭቃውን አራገፈች። ወደ ጆሮዬም ጠጋ አለች።

«ከዚህ በኋላማ ማን ይመርጠዋል፣ ዜሮ ሊያገኝ ነው» አለችኝ። «እኔ እንግዲህ አንዷን እሰጠዋለሁ።»