ስለቴን የሄደችብኝ ጓደኛዬ

ጓደኛዬ መንገድ ስትሄድ ታስቀናለች። እኔ እግሬን እየጎተትኩ፣ የሚወርድ ነጠላዬን እያነሳሁ፣ መኪና ባለፈ ቁጥር ወደ ቦዩ እየተጠጋሁ ስሄድ፣ እሷ ሰርግ እንደተጠራ ሰው ነው የምትራመደው። ላብ እንኳን ያምርባታል። አልወለደችም፤ ወገቧ የልጃገረድ ነው። አንዴ ይሄንኑ ብነግራት፣ "ምን ላድርግልሽ፣ የወለድሽውን መልሰሽ አትከቺው" ብላ ሳቀችብኝ።

እድሜያችን እኩል ነው። ሚኒባስ ስንሳፈር ግን ረዳቱ እሷን "እህቴ ጠጋ በይ" ይላታል፣ እኔን "እናቴ ቀስ ብለሽ ግቢ።" እሷ ይሄን ሰምታ ዝም ብትል ምን ነበረበት። ክርኗን ጎኔ ላይ ታሳርፍና፣ "እናቴ፣ ተመችቶሻል?" ትለኛለች እስክንወርድ ድረስ።

ሁለታችንም የሸማ ተራ ሰዎች ነን። እሷ የሐበሻ ቀሚስ የምትሸጥበት ሱቅ አላት፤ መስታወቱ የሚያበራ፣ ደጁ ላይ አሻንጉሊት ቀሚስ ለብሳ የቆመችበት። እኔ ፊት ለፊቷ ካለው ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ቁጭት እቋጫለሁ። ሸማኔ ነጠላውን ከሠራው በኋላ ጫፉ ላይ ክሩ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ እሱን በጣቴ እየፈተልኩ እያሰርኩ መልክ ማስያዝ ነው ሥራዬ። ትምህርቱን አራተኛ ክፍል ላይ ትቼው ከዚያ ወዲህ የማውቀው ይሄንኑ ነው። ልጄም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ውጤት ሳይመጣላት ሲቀር አጠገቤ ተቀምጣ ትቋጭ ጀመር። አባቷ ገና በእቅፍ እያለች ነው ያረፈው። ከሷ ሌላ ልጅ የለኝም።

ታዲያ አንድ ቀን ሳትነግረኝ ፓስፖርት አውጥታ መጣች። አውቶቡስ ተራ አካባቢ ያለ ደላላ ቤሩት እልክሻለሁ ብሏታል። እኛ ሰፈር እንደዚሁ ሄዳ ድምፅዋ የጠፋ ልጅ አለች። እናቷ ስልኳን ጡቷ ሥር ይዛ ነው የምትውለው፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሰግድ እንኳን አታወጣውም። ያቺ ሴትዮ በደጄ ባለፈች ቁጥር ዞሬ ልጄን አይ ነበር። ልጄን ለመንኳት፣ አለቀስኩ፣ ተቆጣሁ፣ መልሼ አለቀስኩ። እሷ መቋጨቷን አትተውም። በመጨረሻ ለዝቋላ አቦ ተሳልኩ፤ ይቺን ልጅ አስቀርልኝ፣ ከመርካቶ ተነስቼ ደጅህ ድረስ በእግሬ እመጣለሁ አልኩ።

ብዙ ሳይቆይ ደላላው ጉዞው ለጊዜው ቆሟል አላት። ደስ አለኝ፣ ግን "ለጊዜው" የምትለዋ ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ። ፓስፖርቱም ቦርሳዋ ውስጥ እንዳለ ነው። ጻድቁ እኔን እየጠበቀ ነው ብዬ አሰብኩ። የድርሻዬን ፈጥኜ ካላደረስኩ ልጄን ይለቃታል።

ሥራ ትቼ ለቀናት መንገድ ልወጣ ግን አልችልም፤ ልጄንስ ለማን ትቼ። መላውን ያመጣችው ጓደኛዬ ናት። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እየቆራረጥን እንሂደው አለችኝ። የነፍስ አባቷንም ጠይቃ መጣች፤ በመሀል የተዘለለ ቦታ እንዳይኖር እንጂ መቆራረጡ ስለትን አያፈርስም ብለዋታል። ስለዚህ እንዲህ አደረግን። ደክሞን የቆምንበት ቦታ ላይ አጥር ወይ ዛፍ እንፈልግና ከቁጭት የተረፈ ክር እናስርበታለን። ከዚያ በመኪና እንመለሳለን። በሚቀጥለው እሑድ ክሩ ያለበት ድረስ በመኪና ሄደን ከዚያው እንጀምራለን። ጓደኛዬ ስለት የለባትም፤ ላጅብሽ ብላ ነው።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ጀመርን። ሳሪስ፣ ቃሊቲ፣ አቃቂ። አቃቂን ስንወጣ ዝቋላ ከሩቅ ታየን፤ አናቱ የተቆረጠ ሰማያዊ ተራራ። እኔ ርቀቱን አይቼ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እሷ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳች። መንገድ ዳር ካሉ ሴቶች ጋር ኦሮምኛ ትጫወታለች፤ እነሱም ቅርብ ዘመዳቸው የመጣች ይመስል በርጩማ ያወጡላታል፣ እርጎ ይቀዱላታል። ለኔም ይሰጡኛል፣ ከሷ በኋላ። ጃንጥላ ይዤ ቆሜ እነሱ ሲስቁ አያለሁ፤ ምን እንዳሳቃቸው አላውቅም። በገዛ ስለቴ እኔ አጃቢ መስዬ አረፍኩት።

ክረምቱ ገብቶ አቋረጥን። መስከረም ሲጠባ ዱከም ላይ ካሰርነው ክር ልንቀጥል ተስማማን። ቅዳሜ ማታ ግን አንዲት ደንበኛዬ በዚያ መንገድ ሰው ተዘረፈ ሲባል ሰማሁ አለችኝ። የት፣ መቼ፣ ማን፣ አታውቅም። ለኔ በቂ ነበር። ሲነጋ ለጓደኛዬ ብደውል ስልኳ አይነሳም። ልጄን፣ ሮጥ ብለሽ ዛሬ እንደማንሄድ ንገሪያት፣ እሷም ብቻዋን እንዳትሄድ በያት ብዬ ላክኋት።

ልጄ ቀኑን ሙሉ አልተመለሰችም። ስልኳ ዝግ ነው። ያን ቀን የሄድኩበትን አልናገርም፤ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄጄ የደላላውን በር ቆሜ ማየቴን ብቻ ልናገር። ተዘግቶ ነበር፤ ያ ደግሞ የባሰ አስፈራኝ።

አመሻሽ ላይ መጣች። ፊቷ ፀሐይ መትቶት ቀልቷል፣ ጫማዋ አቧራ ጠግቧል፣ ትስቃለች። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜዬ።

"እማ፣ ደብረ ዘይት ደረስንልሽ" አለችኝ።

ብቻዋን እንዳትሄድ አላልሽም ወይ፣ እኔ አብሬያት ሄድኩ አለች። ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ነው። ከዚያ እግሯን እያጠበች እቴቴ እንዲህ አለች፣ እቴቴ እንዲህ አደረገች ትለኛለች። ድሮ እትዬ ነበር የምትላት። በአንድ ቀን መንገድ እቴቴ ሆናለች።

ሰኞ ጓደኛዬ ሱቅ ስትከፍት ጠብቄ ገባሁባት። እሷ ጭራሽ ምስጋና የጠበቀች ይመስላል፤ ክርሽን ከዱከም ፈትቼ ደብረ ዘይት አሰርኩልሽ አለች። ስለት በውክልና አይሄድም፣ አሁን በመሀሉ ክፍተት አለ፣ ለአቦ ምን ልበለው አልኳት። ልትስቅ አፏን ከፍታ ፊቴን ስታይ ተወችው። የልቤን ግን አልነገርኳትም። ልቤን ያቃጠለው የዱከም መንገድ መዘለሉ ብቻ አልነበረም። ልጄ ከኔ ጋር እንዲህ ሄዳ አታውቅም። ነይ አጅቢኝ ስላት ጸሐይ ነው፣ ደክሞኛል ትለኝ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ለማንም ሳልናገር ብቻዬን ዱከም ወረድኩና የተዘለለውን ሄድኩት። ሲኖ ትራክ ባለፈ ቁጥር ነጠላዬ ይነሳል። ሞተር ሳይክል ከኋላዬ በመጣ ቁጥር እቆማለሁ፣ አቦን እጠራለሁ፣ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። ከፍርሃቱ ጋር ግን ቅናቱ እኩል ይሄድ ነበር። ዛፍ ባየሁ ቁጥር እዚህ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይሆን እላለሁ። ሻይ ቤት ሳይ፣ እዚህ ይሆን ያሳቀቻት? ልጄ በዚህ መንገድ ላይ አንድ ነገር አውርታለች፤ መንገዱ ሰምቶ እኔ አልሰማሁም። ደብረ ዘይት መግቢያ ላይ ክሩን አንድ ባሕር ዛፍ ላይ አገኘሁት። ጓደኛዬ ስታስር ልክ እንደ ጫማ ማሰሪያ ነው የምትጠመጥመው። ይሄኛው ግን በሥርዓቱ ተቋጭቷል፣ ወደ ግራ ተፈትሎ። የልጄ እጅ ነው። እኔ ነኝ ያስተማርኳት።

ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ ከደብረ ዘይት ወደ ወንበር ማርያም የሚወስደውን የአቧራ መንገድ ከጓደኛዬ ጋር ተያያዝነው። መንገድ ዳር ያሉትን ሴቶች እንኳን ቆማ አላወራቻቸውም። ከአንድ ግራር ሥር ስንቀመጥ በሶውን ከፈተችና ሳትበጠብጠው መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ነገረችኝ። የደላላው መንገድ ተከፍቷል። ልጄ የጥቅምት አቦ ካለፈ በኋላ ልትሄድ ነው። ያን ቀን መንገድ ላይ ነው የነገረቻት።

"ለምን ላንቺ?" አልኳት።

"አንቺ ታለቅሻለሽ" አለችኝ። "ካንቺ ጋር ወሬ ገና ሳይጀመር እንባ ነው። ልጅቷ አንቺን ታባብል ወይስ የራሷን ትናገር?"

እንባዬ መጥቶ ነበር።

ያን ቀን ምን ቢደረግልሽ ትቀሪያለሽ ብላ ልጄን ጠይቃታለች። እኔ ይሄን ጠይቄያት አላውቅም፤ አትሂጂ ነው የምላት። ልጄም ቁጭቱን እንደማትፈልገው፣ ቀኑን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጣ ዐይኔ ሥር መዋል እንደከበዳት፣ በጓደኛዬ ሱቅ ውስጥ ብትሠራ ግን እንደምትቀር ነግራታለች። ቀሚሶቹን በስልክ ፎቶ እያነሳች ቴሌግራም ላይ መሸጥ ነው ሐሳቧ።

"ያንቺን ቃል ሳልሰማ ግን አላስገባትም" አለች ጓደኛዬ። "ልጅ ነጠቀችኝ እንድትይ አልፈልግም።"

እያልኩ ነበር እኮ። እዚያው ተቀምጬ በሆዴ እያልኩ ነበር። ሱቅ አላት፣ ወገብ አላት፣ የሰው ፍቅር አላት፣ የቀራት የኔ ልጅ ነበረች። ተነስቼ ቀድሜያት ሄድኩ። ዐይኗ ውስጥ አቧራ እንዲገባ ተመኘሁ፤ ነፋሱ ዞሮ የገባው የኔ ዐይን ውስጥ ነው። የዚያን ቀን ክሩን ማን እንዳሰረው አላስታውስም።

ለጥቅምት አቦ ልጄም ካልመጣሁ አለች። ሦስታችን ካሰርነው ክር ተነስተን ከሕዝቡ ጋር ተራራውን ወጣን። ልጄ አንዴ የኔን ክንድ ትይዛለች፣ አንዴ የጓደኛዬን፤ የሷን ሲሆን ረዘም ይልብኛል። ደጁ ስንደርስ ሰገድኩ፣ ስለቴን አስረከብኩ። ግን ቀለል አላለኝም። አቦ የጠየቅኩትን ሰጥቶኛል፤ ልጅቷ የምትቀርበትን መንገድ አሳይቶኛል። የሚያልፈው ግን በጓደኛዬ ሱቅ በኩል ነው።

አናቱ ላይ ሐይቅ አለ፤ ተሳላሚው ዳሩን ይዞ ይዞረዋል። እኛም ዞርን። ጓደኛዬ ትንሽ እንደሄድን ፍጥነት ጨመረችና ጥላን ሄደች፤ አውቃ ነው። እኔና ልጄ ቀረን። ላለማልቀስ ዐይኔን ውሃው ላይ ተከልኩት። ከዚያ አንቺ ምን ትፈሪያለሽ ብዬ ጠየቅኳት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እንጃ፣ መሄድሽ መቼ ነው ልላት ነበር።

ነገረችኝ። እዚያ በር እንዳይዘጉባት ትፈራለች፤ ያቺ የጎረቤት ልጅ በሕልሟ ትመጣባታለች። እዚህ ደግሞ አርጅታ በረንዳ ላይ እንዳትቀር ትፈራለች። እንደኔ አላለችም። አንዷን ብቻ ብፈራ ይሻለኝ ነበር አለች። ሐይቁን ግማሽ እስክንዞረው አወራች፤ እኔ ውሃውን እያየሁ እሺ፣ እሺ እላለሁ።

"ሱቋ ብትገቢ ትቀሪያለሽ?" አልኳት።

"አንቺ ከፈቀድሽ።"

"ከኔ ጋር ግን አትቀሪም?"

ነጠላዬ ወርዶ ነበር፣ አነሳችልኝ።

ጓደኛዬ ጫማዋን አውልቃ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። እግሯ ውሃ ቋጥሯል፤ እሷም ውሃ ይቋጥራታል ለካ። ትንሽ ደስ አለኝ። ከዚያ ልጄ ቆማ እየሰማች፣ "ከሰኞ ጀምሮ ሱቅሽ ትግባ" አልኳት።

ጫማዋን ካጠለቀች በኋላ ነው፣ "ማታ ማታ እመልስልሻለሁ" ያለችኝ።

አሁን ልጄ መስታወቱ ውስጥ ናት። ፓስፖርቱ ቤት ቡፌው ላይ ተቀምጧል፤ እኔ አልነካውም፣ እሷም አላነሳችውም። ምሳ ሲደርስ ሁለቱም በእጃቸው ይጠሩኛል። አንዳንዴ እሄዳለሁ፣ አንዳንዴ በልቻለሁ እላለሁ፣ ሳልበላ። ባለፈው አንዲት ደንበኛ ቀሚስ እየለካች፣ ልጅሽ እንዴት ታምራለች አለቻት ጓደኛዬን። ጓደኛዬ ወደኔ አመለከተች፣ የሷ ናት አለች። ሴትዮዋ ዞራ በረንዳው ላይ አየችኝ፣ ልጄን አየች፣ ደግማ እኔን አየች፣ ከዚያ ወደ ቀሚሷ ተመለሰች።

ሲመሽ ሱቁን ይዘጋሉ። መብራቱ ይጠፋል፣ ብረቱ ይወርዳል፣ ሁለቱ ደጁ ላይ ቆመው የቀረቻቸውን ወሬ ያወራሉ። እኔ ዕቃዬን የምሰበስብ መስዬ አያለሁ። ልጄ ወደኔ ትዞራለች ወይስ ከሷ ጋር ትቀጥላለች እላለሁ። እስካሁን ወደኔ ነው የምትዞረው።