ለበረዶ ሆኪ ተጫዋቹ የተረጎምኩበት ዓመት

ወንድሜ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የኳስ ቡድን ውስጥ የግራ ክንፍ ተጫዋች ነበር። እሱ ሃያ ዓመቱ ነበር፤ እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ቀን ፋብሪካው ውስጥ ይሠራል፤ ከሥራ በኋላ በታችኛው ሰፈራችን፣ በሲቀላ ሜዳ ላይ ይለማመዳል። ቡድኑን የሚያሠለጥነው፣ ማሽን ሊተክል ከቼኮዝሎቫኪያ የመጣ መካኒክ ነበር። ሰውየው አማርኛ አያውቅም። የፋብሪካው አስተርጓሚ ደግሞ ወደ ላይኛው ሰፈር ወደ ሴቻ የሚወጣው መኪና እንዳያመልጠው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይሄዳል። ስለዚህ ወንድሜ አንድ ቀን "እኅቴ በእንግሊዝኛ ከክፍሏ አንደኛ ናት" ብሎ እጄን ይዞ ወሰደኝ።

የሰውየው እንግሊዝኛም በትምህርት የተገኘ ስለሆነ ቀስ ብሎ፣ ቃላቱን እየመረጠ ነበር የሚናገረው። እኔም ቀስ ብዬ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ተጫዋቾቹ "ጎበዝ!" ሲሉኝ ደስ ይለኛል። ይህን የምናገረው ኋላ ላይ ላደረግሁት ነገር ምክንያት ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም "ጓድ ቼክ" ይሉት ነበር።

"ቼክ አይደለሁም። ስሎቫክ ነኝ" አለ አንድ ቀን።

"ልዩነቱ ምንድነው?" አለ በረኛው።

ወንድሜ ቀደመኝ። "እኛስ ወላይታ ሲሉን ዝም እንላለን?" አለው። ጋሞዎቹ ሁሉ ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ቼክ ብሎት አያውቅም።

በወጣትነቱ ኳስ ተጫዋች መስሎን ነበር። ኳስ በሙያ ተጫውቶ እንደማያውቅ፣ እሱ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች እንደነበር ሲነግረን ማስረዳቱ ለእኔ ቀላል አልሆነም። ከሥሩ ስለት ያለው ጫማ ተጫምተው፣ ጫፉ የታጠፈ ዱላ ይዘው፣ በረዶ በሆነ ሜዳ ላይ እየተንሸራተቱ ጥቁር የጎማ ክብ ይመታሉ አልኳቸው።

"ገና ነዋ!" አለ በረኛው። "ቀዝቃዛ ገና!"

"በረዶው ሲቀልጥስ?"

ጥያቄውን ነገርኩት። "ሳይቀልጥም ጣጣ አለው" አለና ሁለት የፊት ጥርሶቹን አውልቆ በመዳፉ ላይ አሳየን። ሰው ሠራሽ ነበሩ። ተጫዋቾቹ እየጮኹ ተበተኑ፤ ተመልሰው መጥተው ደግሞ አሳየን አሉት።

ሕይወቱን በአንድ ቀን አልነገረንም። በየዕረፍቱ፣ ከሜዳው ዳር ዛፉ ሥር ስንቀመጥ፣ ቁራሽ ቁራሹን ነው የሰማነው። የተወለደው በተራራ ሥር ባለች ከተማ ነው፤ አባቱ እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ይሠሩ ነበር። መንሸራተት የተማረው ክረምት በሚረጋ ወንዝ ላይ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ የትልቅ ከተማ ክለብ ወሰደው፤ እሱም እንደ ወንድሜ የግራ ክንፍ ሆነ። በወረቀት የፋብሪካ ሠራተኛ ይባላል እንጂ ፋብሪካውን የሚያየው ደመወዝ ሲቀበል ብቻ ነበር። ጉልበቱ ሁለት ጊዜ ተሰብሮ ተጠገነ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰበር ክለቡ አሰናበተው። መካኒክነትን የተማረው በሠላሳ አንድ ዓመቱ፣ ከልጆች ጋር ተቀምጦ ነው።

ልምምዱም እንደ ሆኪ ነበር። በአጭር በአጭሩ ያስሮጣቸዋል፣ ያስቀምጣቸዋል፣ እንደገና ያስነሣቸዋል። "ክንፍ ተጫዋች ብዙ አይሮጥም። ሲሮጥ ግን ለራሱ ምንም አያስቀርም" ይላል። ወንድሜ ይህን እንደ ጥቅስ ይዞት ነበር።

በዚያው ዓመት የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ወደ ቀበሌያችን ደረሰ። እናቴ ከሁሉ ቀድማ መላ ዘይዳ ነበር። ወንድሟ ደጋ ላይ ባለችው ጨንቻ ሸማኔ ነው፤ ልጇ እዚያ ወጥቶ፣ ምልመላው እስኪያልፍ አጎቴ ቤት ተቀምጦ ሽመና ይማራል። ብዙ እናቶች እንዲህ አድርገዋል። ወንድሜም እሺ ብሎ ልብሱን አጥፎ ነበር።

ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ዛፉ ሥር ተቀምጠን ሰውየውን እንድጠይቅለት ነገረኝ። "ወታደር ሆነህ ታውቃለህ ወይ በይው።"

የቀበሌው ወጣት ማኅበር ተጠሪ እዚያው፣ የግቡን እንጨት ተደግፎ ቆሟል። ልምምድ ማየት ይወድ ነበር።

ሰውየው በደስታ መለሰ። ሁለት ዓመት ወታደር ነበር። እነሱ ጋ ጥሩ ተጫዋች ለውትድርና ሲጠራ የጦሩ ቡድን ይወስደዋል፤ ጠዋት ይለማመዳል፣ ከሰዓት ይለማመዳል፤ ጠመንጃ የተኮሰው በጣት የሚቆጠር ቀን ነው። ጨዋታን በእርግጥ ያወቀው በእነዚያ ሁለት ዓመታት ነው። ይህን ሁሉ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። የወንድሜ ፊት ሲበራ አየሁ፤ የሌሎቹም እንደዚያው።

ሰውየው ቀጠለና እንዲህ አለ፤ "ግን ያን ጊዜ እኛ አገር ጦርነት አልነበረም።"

ይህን አልተረጎምኩም።

ለምን እንዳልተረጎምኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ተጠሪው ቆሟል፤ በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ "ግዳጅ" ይላል እንጂ ጦርነት የሚለውን ቃል በአደባባይ የምታነሣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ አልነበረችም። እውነቱ ግን ይህ ብቻ አይደለም። ሁሉም ደስ ብሏቸው እኔን ነበር የሚያዩት። "በቃ፣ ይኸው ነው" አልኩ።

ማታውን ወንድሜ ጨንቻ እንደማይሄድ ለእናቴ ነገራት። "ከምደበቅ ራሴ ሄጄ ብመዘገብ ይሻላል። የጦሩ ቡድን ይወስደኛል" አለ። ሰውየውም ፋብሪካው ውስጥ በእንግሊዝኛ ማስታወሻ ጻፈለት፤ ፈጣን የግራ ክንፍ ተጫዋች መሆኑን የሚናገር። ሲጽፍ አላየሁም፤ ምናልባት እሱም ያስቀረሁትን የተናገርኩ መስሎት ይሆናል።

እናቴ አጎቴን አስጠራች። በማግስቱ ከደጋ ወርዶ መጣ። ወንድሜ ጫማውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሊወጣ ሲል አጎቴ ደጃፉ ላይ ተንበረከከ፤ ከጓሮ የነቀለውን እርጥብ ሣርም በሁለት እጁ ይዞ መሬት ላይ አኖረው። ጋሞ አገር ሽማግሌ ተንበርክኮ ያኖረውን ሣር የሚሻገር የለም። ደም ለመመለስ የወጣ ሰው እንኳን ሣሩን አይቶ ይመለሳል። ወንድሜ ቆመ። ጫማው ከብብቱ ወደቀ።

"አጎቴ፣ እባክህ ሣሩን አንሣልኝ" አለ በጋሞኛ። "ጠብ ፈልጌ አይደለም የምወጣው። ለጨዋታ ነው።"

"ወታደር ቤት ጨዋታ አለ?"

"ፈረንጁ ራሱ እንዲህ ነው ያለፈው። እሷን ጠይቃት።"

አጎቴ ከተንበረከከበት ቀና ብሎ አየኝ። "አንቺ ልጅ፣ ሰውየው እንዲህ ብሏል?"

"ብሏል" አልኩ።

"ሌላስ ምን አለ?"

"ሌላ ምንም።"

አጎቴ ሣሩን አንድ በአንድ ለቀመና ተነሣ። ያኖረው እሱ ስለሆነ ማንሣት የሚችለውም እሱ ብቻ ነበር። ወንድሜ ጉልበቱን ሳመና ወጣ።

ቀበሌ ድረስ ተከትዬው ሄድኩ። መዝጋቢው ማስታወሻውን ገለባብጦ አየው፤ ማኅተም የለውም ብሎ መለሰለት። ከዚያ ወደ ጋዜጣው ጥቅል አየ።

"ምንድነው ይሄ?"

"የኳስ ጫማ ነው። የግራ ክንፍ ተጫዋች ነኝ።"

"ጥሩ ነው። መሮጥ ታውቃለህ ማለት ነው" አለና ጻፈው።

ሁለት ደብዳቤ ብቻ ነው የላከልን። የመጀመሪያው ከማሠልጠኛው ነው፤ ሰፊ ሜዳ እንዳለ፣ ግን እስካሁን ማንም እንዳልተጫወተበት ይናገራል። ሁለተኛው ከሰሜን ነው፤ ጫማውን ለአንድ ጓደኛው እንደሰጠ ብቻ ጽፏል፤ ሰላምታው ግን ረጅም ነበር። ሁለቱንም ለእናቴ ወደ ጋሞኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። እናቴ አማርኛ ገበያ ላይ ከሚበቃት በላይ አታውቅም። ሁለተኛውን ሳነብላት ከጫማው ጉዳይ ዘልዬ ሰላምታውን ብቻ አነበብኩ።

ከዚያ ደብዳቤ ቀረ። ጸሎት ቤታችን ከተዘጋ ወዲህ በየቤቱ ተራ ገብተው የሚጸልዩት ሴቶች እኛ ቤት ብዙ ጊዜ መምጣት ጀመሩ።

ሰውየው ውሉ ሲያልቅ ሊሰናበተን መጣ። እናቴ አሳ ጠብሳ ሙዝ አቀረበችለት። እሱ ስለ ወንድሜ ሲጠይቀኝ፣ "በየትኛው ቡድን እየተጫወተ ነው?" አለ። እናቴ ደግሞ ከወዲያ፣ "ምን አለ?" ትላለች።

ነገርኳት። መሶቡን ወደ ጎን አደረገችው። "ልጄን ምን ብሎ እንደመከረው ጠይቂልኝ። ራሱ ይንገረኝ።"

ጠየቅሁት። ሰውየው መጀመሪያ ግራ ተጋባ። "አንቺም ነበርሽ እኮ። በጦሩ ቡድን መጫወቴን ነገርኩት። ጦርነት ግን እንዳልነበረ ነግሬዋለሁ" አለ። ከዚያ ሁለታችንንም አየ። "ነግረሽዋል አይደል?"

ለእናቴ ተረጎምኩላት። ይህን ጊዜ ምንም አላስቀረሁም። ጥያቄውንም ጭምር።

"ነግረሽው ነበር?" አለች እናቴ።

"አልነገርኩትም።"

አልጮኸችም፤ አልመታችኝም። ሰውየው የተባለው ሳይተረጎምለት ገብቶት ነበር። በዚያ በተሰበረው ጉልበቱ እንደምንም ተንበርክኮ የእናቴን እጅ ያዘ፤ በራሱ ቋንቋ የሆነ ነገር ተናገረ፤ እኔ የማላውቀው ቋንቋ ነው። እናቴ በጋሞኛ መንገድህን ያቅናልህ አለችው። ይህን ተርጉሚለት አላለችኝም። እኔም አልተረጎምኩም። በሳምንቱ ወደ አገሩ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት አለፈ። እኔ እዚሁ ከተማ ኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኜ ገባሁ። የትምህርት ውጤቴ ጥሩ ነው። እናቴ ትመግበኛለች፣ ልብሴን ታጥባለች፣ ስታመም ሌሊቱን ከአጠገቤ አትነሣም። ግን ከገበያም ከቀበሌም የመጣ ወረቀት አንድም ቀን አንብቢልኝ ብላኝ አታውቅም።

ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ የቀበሌው ዘበኛ፣ ማኅተም ያለበት ፖስታ አመጣ። ደጃፉ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ነበር፤ እጄን አድርቄ ልቀበለው ሄድኩ። እናቴ ቀደመችኝና ተቀበለችው። ፖስታውን ሳትከፍት በነጠላዋ ይዛ፣ በአጠገቤ አልፋ፣ ሦስተኛ ቤት ወዳሉት ጋሞኛ ወደሚያውቁት አስተማሪ ሄደች። አልተከተልኳትም። አስተማሪው ሲያነቡ ድምፃቸው እስከ እኛ ግቢ አይሰማም ነበር። የእናቴ ዋይታ ግን ተሰማ።