መጀመሪያ መቀመጫ

ደግ ልሥራ ብላችሁ ያጠፋችሁበት ቀን አለ? እኔ፣ አስተማሪ ሆኜም፣ አለኝ።

አምና ክረምት ጉለሌ ዝናቡ አላባራ ብሎ የጓሯችን ንቦች አበባ አጡ። አሁን በሕይወት የሌሉት፣ እትዬ የምላቸው አክስቴ ከቀበሌ ሱቅ በራሽን የሚደርሳቸውን ስኳር ለንቦቹ እያስቀሩ፣ ሻያቸውን በጨው ይጠጡ ነበር።

አንድ ቀን አሟቸው ሲተኙ ስኳሩን በውሃ አሟሟሁና ሰሃን ሞልቼ ቀፎው አጠገብ አኖርኩ። ከሰዓት በኋላ ብዙ ንቦች ሰምጠው አገኘሁ። እትዬ ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ።

“አንተ አስተማሪ! እንግዳ ጠርተህ በቁሙ ታጠጣለህ? መጀመሪያ መቀመጫ!” አሉና ውሃው ላይ ገለባ በተኑ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ንብ እግሯን የምታሳርፍበት ካጣች ክንፏ ይረጥብና ትሰምጣለች።

እትዬ ዘንድሮ ግንቦት ላይ አረፉ። ክረምቱ ሲገባ ንቦቹን የማበላው እኔ ሆንኩ። ቀፎው አጠገብ ያለችው በርጩማቸው ባዶዋን ናት። እሷ ላይ መቀመጥ ስላልደፈርኩ ቆሜ ሳበላቸው ሰነበትኩ። ትናንት ግን “መጀመሪያ መቀመጫ!” ያሉኝ መሰለኝና ተቀመጥኩ።

ቀፎ ያላችሁ ሁሉ በዚህ ክረምት እናንተም ስኳር በጥብጦ ማብላቱን ሞክሩት። አደራ፣ ገለባውን አስቀድሙ።